ሮዲዮው ሲያልቅ አትሂዱ

ዲር ትሬይል የምትባለውን የኮሎራዶ ትንሽ ከተማ መጀመሪያ ያየኋት ከአስር ዓመት በፊት ነው። ያኔ ኮሎራዶ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ከኦሮራ በኢንተርስቴት 70 ወደ ምሥራቅ ሲነዱ አንድ ሰዓት እንኳ አትርቅም። ካውቦይዎች ያልተገራ ፈረስና ኮርማ እየጋለቡ የሚፎካከሩበትን ሮዲዮ አየሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ የመጨረሻው ኮርማ ሲወጣ መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ። ከተማዋን ያወቅኋት መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ጁላይ ተመልሼ ሄድኩ። በዚያ መንገድ ብዙ አበሻ ያልፋል፤ ነዳጅ ቀድቶ ይቀጥላል እንጂ ወርዶ አያይም። እንዴት እንዳደረግኩት የምጽፈው ለዚያ ነው።

ነዋሪዋ አንድ ሺህ ገደማ ነው። ግን የዓለም የመጀመሪያው ሮዲዮ የተካሄደው እኛ ዘንድ ነው ትላለች። ጁላይ 4 ቀን 1869 የአካባቢው ካውቦይዎች ያልተገራ ፈረስ ማን ይችላል ብለው ተፎካከሩ። ኤምልኒ ጋርደንሻየር የሚባል እንግሊዛዊ አሸነፈ ይባላል፤ የተሸለመውም ሙሉ ልብስ ነበር። የቴክሳሷ ፔኮስ የ1883ቱን፣ የአሪዞናዋ ፕሬስኮት የ1888ቱን የራሳቸውን ሮዲዮ የመጀመሪያው ነው ይላሉ። ክርክሩ እንዳለ ነው። እኔን ደስ ያለኝ ግን ሽልማቱ ነው። ዓመት ሙሉ ከብት ሲነዳ ለከረመ ሰው አዲስ ልብስ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል።

በዚህኛው ጉዞ ሁለት ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። ዋናው ነገር ይኼ ነው። የጥላውን ወገን መርጦ መቀመጥ ይቻላል። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአጥሩ ጀርባ ሰው ታናግራላችሁ። አንድ ወጣት በጓንቱ ላይ የደረቀ ሙጫ አድርጎ ኮርማው ላይ ሲወጣ የሚይዘውን ገመድ ያሻል። ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ፣ ገመዱ እስኪሞቅና እስኪጣበቅ ድረስ። ለስምንት ሰከንድ ነው ይህ ሁሉ። ገመዱን በአንድ እጅ ብቻ ይዞ ኮርማው ላይ ስምንት ሰከንድ ከቆየ ከ100 ነጥብ ይሰጠዋል። ግማሹ የእሱ፣ ግማሹ የኮርማው ነው። ነፃው እጅ ኮርማውን ከነካ አለቀ። ኮርማውም ነጥብ እንዳለው ያኔ አላወቅኩም ነበር፤ ስለዚህ ግማሹን ጨዋታ አላየሁም ማለት ነው።

በዚያ አጥር ላይ ጥቁር ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። መጀመሪያ ትንሽ ከበደኝ። ግን ከሚጋልበው ፈረስ ዘሎ ወይፈንን በቀንዱ ይዞ የመጣሉን ውድድር ያስጀመረው ቢል ፒኬት ነው። የቴክሳስ ጥቁር ካውቦይ ነበር። ይህን አንብቤ ስለሄድኩ እንግድነቴ ቀለለኝ።

ደግሞ ሕፃናቱ! በግ ነው የሚጋልቡት። አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ የራስ ቁር አጥልቃ በጉን አቅፋ ወጣች። አራት እርምጃ ሄዳ ወደቀች። አፏ አቧራ ሞልቶ ተነሳች፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አደረገች። ሰዉ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበላት። ፎቶ ከማንሳቴ በፊት እናቷን ጠየቅኩ። ሁሌም ጠይቁ።

ሮዲዮው ሲያልቅ በዚህኛው ጊዜ አልሄድኩም። ጠረጴዛ ተዘረጋ፣ ሥጋ መጣ። ትምህርት የጨረሱበት ዓመት የታተመበት ቲሸርት የለበሱ ሽማግሌዎች ተቃቀፉ። ለካ ብዙዎቹ ከሌላ ስቴት ነው የመጡት። ሮዲዮው መገናኛ ቀጠሯቸው ነው። ከመካከላቸው በሞት የተለየ ሰው ስም ሲጠራ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። እኔ ያኔ ጥዬ የሄድኩት ይህን ነው።

አንድ ሰውዬ «ከየት ነህ?» አሉኝ። ኦሮራ አልኳቸው። «የተወለድክበትን ነው» አሉ። ስለ እንጅባራ ነገርኳቸው። በ1932 ዓ.ም. ስለተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ ጥር 23 ቀን ሜዳውን ስለሚሞላው ፈረስ፣ ከዓድዋ ስለሚነሳው ታሪክ አወራኋቸው። ስልኬ ላይ ቪዲዮ አሳየኋቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። አባቴ እርካብ የሚረግጠው በአውራ ጣቱ ብቻ ነበር ስላቸው ዝም አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ቡትስ ጎንበስ ብለው አዩ።

«በአውራ ጣት ብቻ?»

የአባቴ እርካብ አሁንም ቤት ተሰቅሎ አለ። የሚመጣ ሰው ስታገኝ እንድትልክልኝ ለእህቴ ደውዬላታለሁ። ጁላይ ሲመጣ ይዤላቸው እሄዳለሁ።