የነርቭ ህዋስን በሕይወት የሚያቆየው መልእክት

ደብረ ማርቆስ ላይ ለተማሪዎቼ ስለ ነርቭ ሥርዓት እድገት ትምህርት ሳዘጋጅ ሰንብቻለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ሐሳቤን የያዘው ግን የነርቭ ህዋሳት አሟሟት ነው። ፅንስ ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ የነርቭ ህዋሳት ይፈጥራል። እያንዳንዱም ረጅም ክሩን ወደ መድረሻው አካል፣ ለምሳሌ ወደ ቆዳ ወይም ወደ ጡንቻ፣ ይልካል፤ በሕይወት የሚቆየው ግን መድረሻው አካል በጥቂቱ የሚያመነጨውን የእድገት ፕሮቲን በበቂ ያገኘው ብቻ ነው። በጫጩት ፅንስ ጡንቻን ከሚያዙት የአከርካሪ ህዋሳት ግማሽ ያህሉ ከመፈልፈሉ በፊት ይሞታሉ።

እ.ኤ.አ. በ1938 የሙሶሊኒ መንግሥት በዘር ሕጉ አይሁዳውያንን ከዩኒቨርሲቲ ሲያባርር፣ ሐኪሟ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ቱሪን በሚገኘው ቤታቸው፣ በመኝታ ክፍላቸው ውስጥ በዶሮ እንቁላል ምርምራቸውን ቀጠሉ። በእነዚያው ዓመታት ያው መንግሥት የላከው ጦር እዚህ ጎጃም ከበላይ ዘለቀና ከሌሎች አርበኞች ጋር ይዋጋ ነበርና፣ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ለሌቪ ሞንታልቺኒ ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። የፅንሱ የእግር ወይም የክንፍ እንቡጥ ሲቆረጥ ወደዚያ የሚሄዱት ህዋሳት ቁጥር እንደሚያንስ የፅንስ ተመራማሪው ቪክቶር ሃምበርገር ቀድመው አሳይተው ነበር። እሳቸው ህዋሳቱ ከመጀመሪያውም አልተፈጠሩም ብለው ሲያስቡ፣ ሌቪ ሞንታልቺኒ ግን ከመምህራቸው ከጁሴፔ ሌቪ ጋር ሆነው ህዋሳቱ ተፈጥረው፣ አድገው፣ ከዚያ እንደሚሞቱ ተረዱ። የሁሉ ነገር መክፈቻ ይህ ይመስለኛል፤ የሚሞት ነገር ካለ የሚያኖረውን መፈለግ ይቻላልና።

እ.ኤ.አ. በ1952 ሌቪ ሞንታልቺኒ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ የጫጩት ነርቭ ጉብታን (የነርቭ ህዋሳት ጥርቅምን) ከአይጥ የካንሰር እጢ አጠገብ ሲያስቀምጡት፣ ክሮቹ እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን ፈነጠቁ። እጢው የሚያመነጨውን ይህን የእድገት ፕሮቲን ባዮኬሚስቱ ስታንሊ ኮኸን አጣርተው አወጡ፤ ሁለቱም በ1986 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

ፕሮቲኑ በክሩ ጫፍ ካለው ተቀባይ (ፕሮቲኑን ከሚይዘው የህዋሱ ሞለኪውል) ጋር ሲጣበቅ፣ ሁለቱ አብረው በትንሽ ከረጢት ተጠቅልለው እስከ ህዋሱ ዋና አካል ይጓዛሉ፤ ከዚያም የመኖርን ጂኖች ያነቃሉ። የዚህ ተቀባይ ጂን የተበላሸባቸው ሕፃናት ሕመም አይሰማቸውም፣ ላብም አያልባቸውም፤ ምላሳቸውን ነክሰው፣ አጥንታቸው ተሰብሮ እንኳ ላያለቅሱ ይችላሉ። የሕመም ነርቮቻቸው በፅንስነታቸው መልእክቱ ሳይሰማቸው ሞተዋል። የምዕራፉን ትምህርት ከእነዚህ ሕፃናት ለመጀመር ወስኛለሁ።