ዚንኩን ቀለም የቀባሁት ጊዜ

ዛሬ የእማዬን ቦይለር ፈታሁት። ከሥሩ ያንጠባጥብ ነበር። በደብረ ብርሃን ብርድ ያለ ሙቅ ውሃ እንዴት ይሆናል? ጋኑ እንዳይዝግ ውስጡ የሚገባውን የማግኒዚየም ዘንግ ሳወጣው እጄ ላይ የቀረው ቀጭን ሽቦ ብቻ ነው። ሌላው ተበልቶ አልቋል።

ወዲያው ያቺ የሸራ ጀልባ ትዝ አለችኝ።

መርከብ ላይ ከመቀጠሬ በፊት ውጭ አገር ጀልባ በሚጠገንበት ቦታ ጥቂት ወራት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን የጀልባዋን ሆድ ቀለም እንድቀባ ታዘዝኩ። ጀልባዋን በሚገፋው ተሽከርካሪ፣ በፕሮፔለሩ፣ ዘንግ ላይ የተቦረቦረ ግራጫ ብረት ታስሯል። ስላስጠላኝ እሱንም አብሬ ቀባሁት። አሳምሬ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ለካ ዚንክ ነው። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የናስ ፕሮፔለርና የማይዝግ ብረት ዘንግ ተነካክተው እዚያ ውስጥ ሲቀመጡ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ ናሱ እየተበላ ይሄዳል። ዚንክ አብሮ ከታሰረ ግን ከሁለቱም ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው። የተቦረቦረውም ሥራውን ስለሠራ ነው። እኔ በቀለም ሸፍኜ ውሃውን ከለከልኩት።

ጀልባዋ እንደገና ስትወጣ ዚንኩ እንዳለ ነው። የፕሮፔለሩ ጠርዝ ግን ቀልቷል። ናስ ውስጥ ያለው ዚንክ አልቆ መዳቡ ሲቀር እንደዚያ ይቀላል። አዛውንቱ መካኒክ በመዶሻ መታ መታ አደረገው። እንደ ደወል መጮህ ሲገባው ድምፁ ታፈነ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አልተቆጣኝም። «ግማሹ ሲያልቅ ቀይረው፤ የሚታሰርበትን ቦታ እስኪያበራ ፈግፍገው፤ ቀለም እንዳታስነካው» ብቻ አለኝ።

ነገሩ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1824 እ.ኤ.አ. የጦር መርከቦችን የመዳብ ልብስ በዚንክና በብረት ለማዳን ሞክሯል። መዳቡ ዳነ። ግን መርከብ ላይ የሚጣበቁ የባሕር እንስሳትንና አረሞችን ያርቅ የነበረው የመዳቡ መሟሟት ነበርና፣ እሱ ሲቆም መርከቡ ላይ ሰፈሩበት።

ባሕር ላይ ዚንክ፣ እንደ እኛ ቧንቧ ባለ ጨው አልባ ውሃ ደግሞ ማግኒዚየም ነው የሚሻለው። የቤታችን ቆርቆሮም ቢጫር ቶሎ የማይዝገው የለበሰው ዚንክ ቀድሞ ስለሚበላለት ነው።

ደግነቱ ያንጠባጠበው ጎማው ነው። ጋኑ ዛገ እንጂ አልተበሳም።

«ይኼ ሁሉ ዓመት ውስጡ እንዲህ ያለ ነገር አለ ያለኝ ሰው የለም እኮ» አለች እማዬ።

ነገ አዲስ ዘንግ ፍለጋ ገበያ እወጣለሁ። ቀጥሎ የሚታይበትን ወርም ቦይለሩ ላይ በትልቁ እጽፍላታለሁ።