ስለ ዩክሬናውያን የቅርስ ወር

ዛሬ ጳጉሜን 2 ነው፤ በምኖርባት በካናዳዋ አልበርታ ደግሞ ሴፕቴምበር 7፣ የዩክሬናውያን ካናዳውያን የቅርስ ቀን። ቀኑ የተመረጠው በምክንያት ነው። በ1891 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኢቫን ፒሊፒቭ እና ቫሲል ኤሌኒያክ የተባሉ ሁለት ሰዎች ኔቢሊቭ ከምትባል መንደራቸው ተነሥተው በዚህ ዕለት ሞንትሪያል ደረሱ፤ ከዩክሬን ምድር ወደ ካናዳ የመጡ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ተብለው በይፋ የሚታወቁትም እነርሱ ናቸው። ኦንታሪዮ ዕለቱን በ2011፣ አልበርታ በ2020 በሕግ ሰይመውታል። በ2023 ደግሞ ሴናተር ስታን ካቸር የሴፕቴምበር ወር በሙሉ በመላው አገሪቱ የዩክሬናውያን የቅርስ ወር ሆኖ በየዓመቱ እንዲከበር የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ ለካናዳ ሴኔት አቅርበዋል።

ወር መሰየም ለማን ምን ይጠቅማል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ ጥልፍ ሸሚዝ ይለበሳል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ከዚያም ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል ይላሉ። እኔ ግን የዚህ ሕዝብ ታሪክ በካናዳ ምን ይመስል እንደነበር ካነበብሁ በኋላ፣ መንግሥት በራሱ ሕግ የሚሰጠውን ዕውቅና አቅልዬ ማየት አልቻልሁም።

ካናዳ ምዕራባዊውን ሜዳ የሚያርስላት ሰው ትሻ ነበር። 160 ኤከር መሬት በ10 ዶላር የማስመዝገቢያ ክፍያ ይገኛል የሚለው ወሬ፣ በኦስትሮ ሃንጋሪ ግዛት ሥር በነበሩት በጋሊሲያና በቡኮቪና ላሉ መሬት ለጠበባቸው ዩክሬናውያን ገበሬዎች ደረሰ፤ እስከ 1914 ድረስም ወደ 170,000 የሚሆኑት መጡ። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፉት ከፊሉ በመሬት ውስጥ በተቆፈረና በአፈር በተከደነ መጠለያ ነው። ከኤድመንተን በስተ ምሥራቅ ዛሬ ስንዴ የሚታጨድበትን አገር ጫካ መንጥረው ያቀኑት እነርሱ ናቸው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ግን ይኸው የጋበዛቸው መንግሥት የኦስትሪያ ወረቀት ስለያዙ ብቻ የጠላት አገር ዜጎች ብሎ ፈረጃቸው። 8,579 ሰዎች በ24 ማጎሪያ ሰፈሮች ታሰሩ፤ ከእነዚህ የሚበዙት ዩክሬናውያን ነበሩ፤ ሚስቶችና ልጆች የተከተሏቸውም ነበሩ። ሌሎች 80,000 ያህል ሰዎች ተመዝግበው በየጊዜው ለፖሊስ እንዲቀርቡ ተገደዱ። ጦርነቱ በ1918 ሲያበቃ እስራቱ አላበቃም፤ የመጨረሻው ሰፈር የተዘጋው በ1920 ነው።

እኛ የሐበሻ ቤተሰቦች በበጋ ወደ ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ መሄድ እንወዳለን። ከባንፍ ወደ ሌክ ሉዊዝ የሚወስደውን መንገድ በመሥራት ካስል በተባለው ተራራ ሥር የታሰሩት ሰዎች እንደደከሙበት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እዚያ ለመታሰቢያ የቆመ የአንድ እስረኛ ሐውልት አለ፤ በላዩም «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ተጽፎበታል። መንግሥት እስራቱ መፈጸሙን በሕግ ያመነው በ2005 ነው፤ ለመታሰቢያና ለትምህርት የሚውል የ10 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ የተቋቋመውም በ2008 ነው። በዚያን ጊዜ ከእስረኞቹ በሕይወት የቀረ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የቅርስ ወር ይኑር ስል፣ ይህ የእስራት ታሪክ ከጭፈራውና ቦርሽ ከሚሉት የቀይ ሥር ሾርባቸው ጋር ለተማሪዎች የሚነገርበት ወር ይሁን ማለቴ ነው። ባለለቅሶና ባለደስታ በአንድ ድንኳን መቀመጥ እኛም የምናውቀው ነው።

ሌላም የማመሰግንበት ምክንያት አለኝ። ካናዳ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ብቻ አይደለችም፣ የብዙ ባህሎች አገር ናት ብለው በ1964 በሴኔት ከተከራከሩት አንዱ የዩክሬናውያን ልጅ የሆኑት ሴናተር ፖል ዩዚክ ናቸው። አገሪቱ በ1971 የብዝኃ ባህል ፖሊሲን በይፋ ስትቀበል የእነርሱ ማኅበረሰብ ትግል ትልቅ ድርሻ ነበረው። እኛ ከአራት ቀን በኋላ እንቁጣጣሽን በአደባባይ ስናከብር፣ በዚያ ትግል ከተጠረገው መንገድ ላይ ነን።

ከ2022 ወዲህ የሩሲያን ወረራ ሸሽተው በልዩ ፈቃድ ወደ 300,000 የሚጠጉ ዩክሬናውያን ካናዳ ገብተዋል። በዚያው ዘመን የሰሜኑ ጦርነት ላፈናቀላቸው የአገሬ ሰዎች እንዲህ ያለ ሰፊ በር አለመከፈቱ ያሳዝነኛል፤ ይህን ሳልሸሽግ እጽፈዋለሁ። ሆኖም ለዩክሬናውያኑ የተከፈተው በር እንዲጠብ ከቶ አልመኝም፤ ለሌሎችም እንዲከፈት እንጂ። በአገራቸው የፈላስፋው የሂሪሆሪ ስኮቮሮዳ ሙዚየም በሚሳይል ሲቃጠል፣ የኸርሶን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲዘረፍ፣ እዚህ ያለው የቅርሳቸው ጥበቃ ከበዓልነት ይልቃል። የመጡበት ፈቃድ ግን ጊዜያዊ ነው። ቅርሳቸውን በሕግ የሚያከብር ምክር ቤት፣ ቅርሱን በእጃቸው ይዘው ለመጡት ሰዎች የቋሚ መኖሪያ ጥያቄም በዚሁ ወር መልስ ቢሰጥ ደስ ይለኛል።