ጅቡን «በቃ» ያለው ልጅ

የካቲት ላይ አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃናት አስለቅሰናል። የሄድነው ግን ልናስደስታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልጽፈው ስል ስንት ወር አለፈ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ውሃም መጥቷል። በርሜሉ እስኪሞላ ልጻፈው።

አማርኛ አስተማሪ ነኝ። የምኖረውም የማስተምረውም ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከቃሊቲ አልፎ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ። የትምህርት ቤታችንን የድራማ ክበብ ከያዝኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ ዘጠኝ ልጆች አሉኝ፤ ሁሉም የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። እስከ ዛሬ የምንሠራው የታወቀ ነበር። ኅዳር 22 ሲደርስ የኤችአይቪ ድራማ፣ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሲደርስ ግጥም፣ የወላጆች ቀን ሲሆን ደግሞ አጭር ጭውውት። ጥር ላይ ግን አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ለምን ለኬጂ ልጆች አንሠራም?» አለችኝ። ታናሽ ወንድሟ ከአጥራችን ማዶ ባለው መዋዕለ ሕፃናት ይማራል። አምስት ዓመቱ ነው። ቴአትር የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም።

በምን ያያል? ከዚህ ተነሥቶ ብሔራዊ ቴአትር ለመድረስ መጀመሪያ ቃሊቲ፣ ከዚያ ለገሃር ታክሲ መያዝ አለበት። መንገዱ ከተዘጋጋ አንድ ሰዓት ተኩልም አይበቃ። ሦስት ልጅ ያላት እናት ለትራንስፖርት ብቻ የምታወጣውን አስቡት። ከዘጠኙ ልጆቼ እንኳ ቴአትር ቤት ገብተው የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እሺ አልን።

እንደለመድነው ጽሑፍ ጻፍን። ርዕሱ እጅ መታጠብ፣ ርዝመቱ 40 ደቂቃ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ዶክተር ነበረች፣ የሚመክር አባት ነበር፣ «ጀርም» ሆኖ የሚመጣ አያ ጅቦ ነበር። አንብቤ ጥሩ ነው ብዬ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው።

ዶክተሯ መናገር በጀመረች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግማሾቹ ጀርባቸውን ሰጡን። አንዱ የጓደኛውን የጫማ ማሰሪያ ይፈታል። አንዷ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ከዚያ ጅቡ እያጓራ በበሩ ገባ። መጀመሪያ ሁለት ልጆች ጮኹ፣ ቀጥሎ አምስት፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። አንድ ትንሽ ልጅ በቆመበት ሱሪው ላይ ሸና። ሚሶቹ እያቀፉ አወጧቸው። ጅብ የሆነው ተማሪዬ ጋቢውን ጥሎ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ።

ይቅርታ ልጠይቅ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ ሄድኩ። ትልቅ ሴትዮ ናቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ልጄ፣ መጀመሪያ ልጆቹን እዩዋቸው እንጂ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

እንዳሉት አደረግን። ለሦስት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቼ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄደው ወለል ላይ ተቀመጡ። ስልክ የለም። ማጫወት የለም። ያዩትን ብቻ ይጽፋሉ። ደብተራቸው አሁንም እኔ ጋ አለ። «ቢጫ ሹራብ የለበሰው ልጅ ጠጠር ጠርሙስ ውስጥ ይከታል፣ ይገለብጣል፣ እንደገና ይከታል። 14 ጊዜ።» «አንዷ የሹራቧን እጅጌ ራሷ ላይ አድርጋ ሚስ ሆነች። ስታወርደው ተመልሳ ልጅ ሆነች።» «ስናወራ ፊታችንን አያዩም። እጃችንን ነው የሚያዩት።» ይሄን የመጨረሻውን አራት ተማሪዎች፣ አንዱ ከሌላው ሳይቀዳ፣ ጽፈውታል።

ትልቁ ነገር የመጣው ከውሃ ነው። ቧንቧው በፈረቃ ስለሆነ ልጆቹ እጃቸውን የሚታጠቡት በጀሪካን ነው። መጋቢ እናቶች ከሮቶው እየቀዱ ያስታጥቧቸዋል። ባዶ ጀሪካን ሲቀዳበት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ዱብ ዱብ ይላል። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር እየቀጠነ ይሄዳል። አፉ ጋ ሲደርስ ፉጨት ይመስላል። ውስጡ ያለው አየር እያጠረ ስለሚሄድ ነው ሲል ፊዚክስ የሚወደው ልጃችን አስረዳን። እናቶቻችን ያለ ፊዚክስም ያውቁታል። ወጥ እያማሰሉ፣ ዞር ሳይሉ፣ በድምፁ ብቻ «ዝጋው፣ ሞልቷል!» ይላሉ። ሕፃናቱ ሰልፋቸውን ትተው ይሄን ድምፅ ያዳምጡ ነበር። አንዲት ልጅ አፏን ከፍታ ቆማለች። ድምፁ ሲቀጥን ትከሻዋ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይነሣል። ልክ ሲሞላ «ኡፍፍ» ብላ ተነፈሰች። ይሄን ያየችው ተማሪዬ ደብተሯ ላይ ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። «ቲቸር፣ ቴአትሩ ይሄ ነው» አለችኝ።

ነበርም።

ጽሑፍ ሳይኖር ቴአትር መሥራት አስፈርቷቸው ነበር። «ምኑን ነው የምናጠናው?» ይላሉ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት እንገናኛለን፣ አንድ ነገር መሐል ላይ እናስቀምጣለን፣ እንጫወትበታለን። የሚያስደስተውን እንይዛለን፣ የማያስደስተውን እንተዋለን። ለማስታወስ ደግሞ ትልቅ ወረቀት ላይ በሥዕል እንለጥፋለን። በአምስተኛው ቅዳሜ ታሪኩ ተገኘ። አንዲት ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን አለች። ክዳኗ ጠፍቶባታል። ክዳን ስለሌላት ትልልቆቹ ባለ 20 ሊትሮች ከሰልፍ ያስወጧታል። ክዳኗን ፍለጋ ትሄዳለች። ዓይኖቿ ሁለት ቆርኪዎች ናቸው። እጀታዋን ይዘው ቀና ሲያደርጓት ታያለች፣ ጎንበስ ሲያደርጓት ታዝናለች። የያዘቻት ተማሪ ራሷን አትደብቅም። እሷ ጀሪካኗን ስታይ ልጆቹም ጀሪካኗን ያያሉ።

በዚህ መሐል ብዙ ተጨቃጨቅን። በጣም ያከራከረን እውነተኛ ውሃ እናፍስ ወይስ አናፍስ የሚለው ነው። ድምፁ ያለ ውሃ አይመጣም። ግን ውሃ በሳምንት ሁለቴ በሚመጣበት ሰፈር፣ ልጆቹ እያዩ ውሃ መሬት ላይ መድፋት ነውር ነው አለ አንዱ። ልክ ነው። በመጨረሻ አምስቱ ሊትር በሙሉ ለምሳ እጃቸውን እንዲታጠቡበት ተስማማን። አንዷ ደግሞ ቤቷ የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። «ሰልፉ ላይ ግማሾቹ "ውሃ መጣ"፣ ግማሾቹ "ቢሻን ዱፌ" ይበሉ፤ ሰፈራችን እንደዛ አይደል?» አለች። ሰፈራችን እንደዛ ነው። አስገባነው።

ጅቡን ልናወጣው ነበር። ጅብ የነበረው ልጅ ግን አልቻለም። «እንደዛ አስፈርቻቸው ከቀረሁ ሁልጊዜ እንደዛ ነው የሚያስታውሱኝ» አለ። ያን ቀን ስለ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነገርኳቸው። ከመቶ ዓመት በፊት ከሩሲያ ትምህርታቸው ተመልሰው የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት ነው። የሚናገሩት እንስሳት ናቸው፤ ንግግራቸው ግን ስለ መኳንንቱ ነበር። ታገደም። የአገራችን ቴአትር በእንስሳት ጀመረ፣ ግን ለትልልቅ ሰው። እኛ እንስሳውን ለልጆቹ እንመልስላቸው አልኩ። ደስ አላቸው።

አባባ ተስፋዬንም በቪዲዮ አሳየኋቸው። ተስፋዬ ሳህሉ ለኛ ትውልድ ማለት ምን እንደሆኑ ለመንገር ቃል ያጥረኛል። ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ነግረውናል። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉ ቤት ተቀምጠን ጮክ ብለን እንመልስላቸው ነበር። አስተማሪ ሆኜ ይዤ የኖርኩት «የነገ ፍሬዎች» የሚለውን ነው። ለነገ ልናዘጋጃቸው፣ ልንመክራቸው፣ ልናርማቸው። ሕፃን ልጅ ደግሞ ምክር ሞልቶለታል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጥ፣ ብላ፣ ታጠብ፣ ዝም በል ነው። ዘንድሮ ግን የፊተኛውን ሰማሁት። የዛሬ አበባዎች። ዛሬ እፊታችን ሰሌን ላይ የተቀመጠው ልጅ ዛሬውኑ ሙሉ ተመልካች ነው።

ግንቦት ላይ ተመልሰን ሄድን። በአንድ ጊዜ 25 ልጅ ብቻ። መድረክ የለም፤ ሰሌን ላይ ከኛ ጋር ተቀመጡ። መስኮቱ ክፍት ነው። ርዝመቱ 22 ደቂቃ። አከፋፈቱ እነሱው የሚያውቁት ድብብቆሽ ነበር። ተማሪዋ ፊቷን በእጇ ሸፍና «ኩኩሉ!» ስትል፣ ማንም ሳያዛቸው ሁሉም «አልነጋም!» ብለው ጮኹ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ «ነጋ!» ሲሉ ጀሪካኗ ከሻርፕ ውስጥ ብቅ አለች።

ጅቡ ጋ ስንደርስ ሆዴ ተላወሰ። ሱሪው ላይ የሸናው ልጅ መጥቷል። ከኋላ፣ አንዷ መጋቢ እናት ጭን ላይ ተቀምጧል። ተማሪዬ በበር አልገባም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ልጆቹ መሐል ተቀምጦ ነበር። ተነሣ። «እኔ 10ኛ ክፍል ነኝ። ይሄ የአያቴ ጋቢ ነው። ጅብ ልሁን?» አለ። «ሁን!» አሉት። «ትንሽ ወይስ ትልቅ?» «ትንሽ!» «በቃ ካላችሁኝ ጋቢውን አወልቃለሁ፤ እሺ?» ጋቢውን ራሱ ላይ ጣል አደረገ፣ በሁለት ጣቱ ጆሮ ሠራ፣ ቀስ ብሎ ጎነበሰ።

«በቃ!» አለ ልጁ ከጭኗ ላይ።

ጋቢው ወዲያው ወረደ። ተማሪዬ ቆሞ ጠበቀ። ልጁ አየው። አየው። ከዚያ «እሺ ሁን» አለ። ጋቢው ወጣ። «በቃ!» ወረደ። እንደገና። አራት ጊዜ አደረገው። ሌሎቹ ልጆች ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ማንም አልቸኮለም። በአራተኛው ልጁ ከጭኗ ወርዶ፣ በሰሌኑ ላይ ተራምዶ መጥቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜ እንባዬ ይወርዳል።

ክዳኑን ያገኘው ጅቡ ነው፤ ውሃ ይጠጣበታል። ተጠምቷል። ክዳኑን መልስ ሲሉት «መጀመሪያ ውሃ» ይላል። እዚህ ላይ ልጆቹን እንጠይቃቸዋለን፤ እንስጠው? የመጀመሪያዎቹ ስጡት አሉ። የሁለተኛው ዙር ልጆች «ተራውን ይጠብቅ» ብለው ሰልፍ አስያዙት። ሦስተኛዎቹ ተከፋፈሉ፣ ተከራከሩም፤ አንዷ «ግማሽ እንስጠው» ብላ ገላገለችን። ተማሪዎቼ ለሦስቱም መንገድ ተዘጋጅተው ስለነበር አልደነገጡም። መጨረሻው ግን አንድ ነው። ጀሪካኗ ትሞላለች። እውነተኛ ውሃ ይፈሳል። ዱብ ዱብ፣ ከዚያ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ። ሃያ አምስት ልጅ ትንፋሹን ይዞ አንድ ላይ «ኡፍፍ» ሲል ብትሰሙ።

ከዚያ ወደ ጀሪካኗ ተሰለፉና እጃቸውን ታጠቡ። ታጠቡ ያላቸው የለም።

እስካሁን ስድስት ጊዜ አሳይተናል። ከክረምቱ በፊት ቂሊንጦ አካባቢ ያለ አንድ መዋዕለ ሕፃናትም ጠርቶናል። ችግራችን አንድ ነው። ጀሪካናችን ባለፈው ሳምንት ወድቃ ከሥሯ ተሰንጥቃለች፤ ታፈሳለች። ልጆቹ ስለሚያውቋት ሌላ ቀለም አይሆንም። ቤቱ ባለ አምስት ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን ያለው ሰው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት በትምህርት ቤቱ ትንሿ በር ይዞልን ቢመጣ ውለታ ነው። ክዳን ባይኖራት ምንም አይደለም።

በርሜሉ ሞላ መሰለኝ። ድምፁ ቀጥኗል።