ፓኬት በእጅ ሲሠራ፦ ከርነሉ የሚሞላውና ለእናንተ የሚተወው

ሐዋሳ ውስጥ ኔትወርክ የምትማሩ ልጆች፣ ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ የዳታ ቁራጭ) በራሳችሁ ኮድ ሠርታችሁ መላክን ስትሞክሩ የራሳችሁን ሁለት ላፕቶፖች በአንድ ኬብል አገናኙ እንጂ ሐይቁ ዳር ባለ ካፌ ዋይፋይ ላይ እንዳትጀምሩት። የሰው ኔትወርክ ነው፤ ደግሞም መሃል ያለው ራውተር ፓኬቱን ቢጥለው ስህተቱ የት እንደሆነ አታውቁም።

ጥሬ ሶኬት፣ ማለትም ፕሮግራሙ የፓኬቱን ሄደር (የፊት መረጃ) ራሱ እንዲጽፍ የሚያስችል መውጫ፣ ለመክፈት የሩት (የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ሥልጣን ያስፈልጋል። ሊኑክስ ላይ ግን ሴትካፕ በሚባል ትእዛዝ ለፕሮግራሙ ይህንኑ ፈቃድ ብቻ መስጠት ይቻላል፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የአይፒ ሄደሩን 20 ባይት ራሳችሁ ብትሞሉም የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ጠቅላላ ርዝመቱንና የአይፒ ቼክሰሙን (ስህተት መፈተሻ ድምር) ሁልጊዜ በራሱ ይጽፋቸዋል። ከአይፒ ሄደሩ ቀጥሎ ያለው የቲሲፒው ቼክሰም ግን የእናንተ ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው፦ ስሌቱ ውስጥ የሚገባ፣ ግን የማይላክ 12 ባይት አለ። የላኪና የተቀባይ አድራሻ እያንዳንዳቸው 4 ባይት፣ አንድ ዜሮ ባይት፣ የፕሮቶኮል ቁጥሩ 6 በአንድ ባይት፣ ከዚያ የቲሲፒው ርዝመት በ2 ባይት። ይህ ከተረሳ ተቀባዩ ፓኬቱን ምንም ሳይመልስ ይጥለዋል።

ቼክሰሙ ልክ ሆኖ ሲን (ግንኙነት የሚጠይቅ ፓኬት) ስትልኩ መልሱ ይመጣል፤ ወዲያው ግን የራሳችሁ ከርነል ሪሴት (ግንኙነት ማቋረጫ ፓኬት) ልኮ ግንኙነቱን ይቆርጠዋል። እሱ ያልጀመረው ግንኙነት ስለሆነ አያውቀውም። ለሙከራው ያህል ወደዚያ ማሽን የሚወጣውን ሪሴት በሊኑክስ ፋየርዎል መሣሪያ በአይፒቴብልስ አግዱት።

ፓኬት መቀበሉ ላይ ፍሪቢኤስዲ (ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ከሊኑክስ ይለያል፤ የቲሲፒና የዩዲፒ ፓኬት ለጥሬ ሶኬት አይሰጥም። እዚያ ቢፒኤፍ (ፓኬትን ከኔትወርክ ካርዱ በቀጥታ ማንበቢያ) ተጠቀሙ፤ ሊኑክስም ላይ የሚሠራ ኮድ ከፈለጋችሁ ሊብፒካፕ የሚባለው ላይብረሪ ይሻላል።