50 ኪሎ ማንሳት የሚችል

ዛሬ ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ የመጋዘን መዝገብ ያዥ፣ ዲፕሎማ፣ «50 ኪሎ ማንሳት የሚችል»። በክራንች የሚሄድ አንድ ወጣት አነበበና ጓደኛውን «አቦ ተወው፣ እንሂድ» አለው።

ያቺ 50 ኪሎ ከአእምሮዬ አልወጣችም። መጋዘን ውስጥ ጆንያ የሚሸከመው ጫኝና አውራጅ ነው። መዝገብ ያዡ ይቆጥራል፣ ገቢና ወጪ ይመዘግባል፣ ይፈርማል። ለጫኝ ቢሆን መስፈርቱ ተገቢ ነው፤ ለዚህ ቦታ ግን ቀጣሪው ማን እንደሚያነሳ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያነሳ፣ ጋሪ ቢኖር ምን እንደሚቸግር መመለስ አለበት። አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ሸክም የሥራው ጠባይ አይሆንም።

ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሥራው ጠባይ ካልከለከለ በቀር ብቁ ሆኖ የተሻለ ውጤት ያመጣ አካል ጉዳተኛ ቦታውን የመያዝ መብት አለው ይላል። ቀጣሪውም የሥራ ሁኔታውን የማመቻቸት ግዴታ አለበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ አድልዎ ደረሰብኝ ብሎ የሚከስ አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ አድልዎ አለመፈጸሙን የሚያስረዳው ቀጣሪው ነው።

እባካችሁ ሳታመለክቱ አትመለሱ። ማስታወቂያውን ፎቶ አንሱት፣ ማመልከቻውን በጽሑፍ አስገቡ፣ ኮፒው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። ያላመለከተን ሰው «መቼ ከለከልነው?» ማለት ቀላል ነው።