አዳራሹ ለስብሰባ ተፈልጓል

ተውኔቱን ለመጻፍ ሰባት ወር ፈጀብኝ። ተዋናይ አላጣሁም፤ ሐዋሳ ውስጥ መድረክ የናፈቀው ወጣት ሞልቷል። ልምምዱን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል፣ ዛፍ ሥር፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እያዩን ጨረስነው። እስከዚህ ድረስ ማንም አላስቸገረኝም።

ያቃጠለኝ አዳራሹ ነው።

የሚያስተዳድረው ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ደግ ሰው ይመስላሉ። "ቅዳሜ ያንተ ነው በቃ" አሉኝ። ደብዳቤ ልጠይቅ አልኩና አፈርኩ። ያላመንኳቸው እንዳይመስልብኝ። ይቺ ይሉኝታ ናት ጉድ የሠራችኝ።

ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭኜ ከፒያሳ እስከ አቶቴ አስለፈፍኩ። 130 ትኬት ተሸጠ።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ሶፋችንን በጋሪ ጭነን ስንደርስ በሩ ላይ ባነር ተሰቅሏል። ውስጥ በየጠረጴዛው የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ኃላፊውን ደወልኩ፤ አያነሱም። በአምስተኛው አነሱ።

"ወንድሜ፣ አስቸኳይ ስብሰባ ነው። ቲያትር የትም አይሄድም፤ ሌላ ቀን ታሳያለህ።"

"ጋሼ፣ ትኬት ሸጫለሁ እኮ!"

"ደብዳቤ አለህ?"

ዝም አልኩ።

የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም ታግደዋል። ግን በተውኔታቸው አውሬዎች እንደ ሰው እንዲናገሩ አድርገው ሹማምንቱን ስለወረፉ ነው፤ ያውም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን። እኔን ያገደኝ የታሸገ ውሃ ነው!

የገረመኝ ግን ጥበቃው ናቸው። "ባነሩን ሐሙስ ሲያመጡት አይቻለሁ። ማን ጠየቀኝ?" አሉኝ።

በሩ ላይ ቆሜ ገንዘብ ስመልስ አመሸሁ። አንዲት እናት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሁለት ልጆቿን አስከትላ መጥታ ነበር። "ብሩን ተወው ልጄ፣ መቼ ነው የምታሳዩት?" አለችኝ። ምን ልበላት?

ቢሮዎቹ "መጀመሪያ ጽሑፍህ ይገምገም" ይሏችኋል። አትስሟቸው። መጀመሪያ አዳራሹን በማህተም ያዙ። ቅጂውን ለጥበቃው ስጡ፤ ሻይም ጋብዟቸው፣ ከኃላፊው ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሰኔ ላይ ደግሞ በፍጹም እንዳትሞክሩት። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያላለቀ የስብሰባ ብር ያለው ሁሉ አዳራሽ ይፈልጋል። የኔም ቅዳሜ ሰኔ ላይ ነበረች።

በጥቅምት አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አሳየነው። ማይክ አልነበረንም፤ ሰዉ ግን ሳቀ። መጋረጃ በሌለው መድረክ ላይ ቆሜ ያቺን እናት በዓይኔ ፈለግኳት። ስልኳን እንኳ አልተቀበልኩም ነበር።